የገና ዝግጅት ለእህል መጋዘናችን፦ ከባሕር ዳር የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የሰፈራችን ሦስት እድሮች በጋራ የሚያንቀሳቅሱት የምግብ ባንክ መጋዘን ወለሉ መታየት ጀምሯል። ዛሬ ከጸሐፊው ጋር ገብተን ስንቆጥር ያገኘነው ሁለት ኩንታል የማይሞላ ጤፍ፣ የተጋመሰ የባቄላ ጆንያ፣ ጥቂት ዘይትና ማንም ደፍሮ የማይወስደው የፓስታ ክምር ነው። ክረምቱ ጠራርጎ ወስዶታል።

ማታ በስብሰባው ላይ ወጣቶቹ አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ፦ በገና ሰሞን የሙዚቃ ዝግጅት ይሰናዳ፣ መግቢያው ምግብ ይሁን። የምግብ ባንክ የሚባለው አሠራር በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ሲጀመር ሐሳቡ ከስሙ የራቀ አልነበረም፤ የተረፈው ያስቀምጣል፣ የቸገረው ያወጣል። እድር ለቀብር ሲያደርገው የኖረውን እኛ ለእህል አደረግነው እንጂ አዲስ ነገር አላመጣንም። ስለዚህ ለአባላት ለማስረዳት ብዙ አልደከምንም።

አንድ አባል ግን እጃቸውን አውጥተው፣ "አሁን እኮ አዝመራ የሚገባበት ወር ነው። በአጨዳ ወቅት ማን ይራባል?" አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤት የሚራቆተው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ የጎጃም ጤፍ ወደ አውድማ የሚሄደው፣ የፎገራ ሩዝ የሚታጨደው ደግሞ አሁን። እህል በሚረክስበት ሰሞን ያልሰበሰበ መጋዘን በክረምት ምን ሊያካፍል ነው? ሰው ኪሱን የሚፈታው ደግሞ በበዓል ሰሞን ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በታኅሣሥ ብቻ ነው።

ዝግጅቱ ተፈቀደ። እህሉን የመግዛት፣ የመለየትና የማስቀመጥ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ቀን መቁረጥ እንዲህ ያስቸግራል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ወጣቶቹ ከገና በኋላ ይሁን አሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፦ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፣ በጾም ዘፈንና ጭፈራ አይሆንም። ከበዓሉ በኋላ እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ ግን የደስታ ነው። እኔ አልተስማማሁም። የገና እህል ከገና በኋላ ቢመጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራ ጋግሮ፣ ዶሮ ሠርቶ ሲያበቃ ለቸገረው ቤት ዱቄት ይዘን ብንሄድ ምን ይባላል?

ስለዚህ ከገና በፊት። ገና ዘንድሮ ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ይውላል። (ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ገና ይበላበታል፤ ልጆቹ ይህን ደጋግመው ጠይቀውኛል።) ታኅሣሥ 26 እሑድ ቢሆን ለመፍጨት የሚቀረን ሁለት ቀን ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ የወፍጮ ቤት ሰልፍ ከበር አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል። ታኅሣሥ 19 እሑድ ሁሉም ተስማምተው ነበር፣ ጸሐፊው በወረቀት እስኪጽፈው ድረስ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው! ከመዘምራኑ ግማሾቹ በማኅሌት ያድራሉ፤ ታንኳም ጀልባም ያገኘ ሐይቁ ላይ ወዳለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ይሻገራል። በዚያ ቀን አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጥ የባሕር ዳር ሰው አላውቅም።

ታኅሣሥ 12 እሑድ ተወሰነ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ተጀምሮ ሳይመሽ 11 ሰዓት ላይ ያበቃል። ቅዳሜና እሑድ በጾም ወቅትም ሰው እህል ሳይቀምስ ስለማይውል የራበው ታዳሚ አይኖረንም።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ጾም ውስጥ መሆናችን መርሐ ግብሩን ራሱ ቀረጸው። ጊታርና ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ተሰረዘ። በገና፣ መሰንቆ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት የሚመጡ መዘምራን፣ የሰፈር ልጆች መዝሙርና አንድ ዋሽንት ነፊ ቀሩ። ወጣቶቹ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። እኔ እንዲያውም ተገላገልን ባይ ነኝ፤ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ኩንታል ጤፍ ነው።

የበገና መምህሩን ለማነጋገር ከሊቀመንበሩ ጋር ሽምብጥ ሄድን። ቡና ቀርቦልን ጉዳዩን ስናስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ፣ "በገና ጸሎት ነው እንጂ ለመግቢያ ዋጋ የሚደረደር አይደለም" አሉ።

ሊቀመንበሩ፣ "መምህር፣ መግቢያው እኮ ለእኛ አይገባም፣ ለተቸገረ ቤት ነው" አላቸው።

"እሱንማ ሰማሁ። እንግዲያው ሁለት ነገር ታደርጋላችሁ። ጭብጨባ አይኖርም። በዝግጅቱ መሐል ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው መድረክ ላይ አይወጣም። ስጦታችሁን በር ላይ ጨርሱ።"

ሁለተኛውን ቅድመ ሁኔታ ከልቤ ወደድኩት። የእርዳታ ዝግጅት ሲባል አስተዋዋቂው የሰጪዎችን ስም እያነበበ ግማሹን ሰዓት የሚበላበትን ነገር ብዙ ቦታ አይቻለሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

የመግቢያው ነገር አከራከረ። የመጀመሪያው ሐሳብ "አንድ ሰው አንድ ኪሎ ጤፍ" የሚል ነበር። በማስታወቂያ ላይ ሲነበብ ያምራል፣ መጋዘን ውስጥ ግን ችግር ነው። ሦስት መቶ ሰው ሦስት መቶ ዓይነት ጤፍ ያመጣል፤ ማኛው፣ ሰርገኛው፣ ቀዩ፣ የተበጠረው፣ ያልተበጠረው፣ አሸዋ ያለበት። አንድ ላይ ተገልብጦ የተፈጨ እንደሆነ አንዱ አሸዋ የሁሉንም እንጀራ ያበላሻል። በፌስታል የመጣውን አንድ በአንድ ለማበጠር ደግሞ የሰው ጉልበት የለንም።

የወሰንነው ይህ ነው። ጤፍና ሩዝ በጥሬ ገንዘብ፣ በእድሩ ደረሰኝ፤ እኛው በጅምላ እንገዛለን። በእጅ የሚመጣው ያልተከፈተ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና እንዲሁም ያልተፈጨ ጥራጥሬ ይሆናል። ሽሮ ዱቄት አንቀበልም፤ ከምን እንደተፈጨ አይታወቅም። በርበሬም እንደዚሁ። መለያ የሌለው ጀሪካን ዘይት በር ላይ ይመለሳል።

እናቶች ይህን አልወደዱትም። "በገዛ እጄ የለቀምኩትን ሽሮ አልቀበልም ትላለህ?" ብለው የተቆጡኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሰው ለበዓል ከቤቱ አንድ ነገር ይዞ መውጣት ይወዳል፣ ደረሰኝ ያንን አይተካም። ባቄላና አተሩን እንደ ቀረበ በቁናም ይሁን በጣሳ ይዘው እንዲመጡ ተስማማን፤ ቆልተን የምንፈጨው ራሳችን ነን።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ገበያ ዋልኩ። የአዴት ጤፍ ገብቷል፣ አዲሱ ግን ገና እርጥበት አለው። በጥርስ ሲነከስ የሚልም እህል ለመጋዘን አይሆንም፤ በጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ከዚያ ይሻግታል። አንድ ነጋዴ በደንብ የደረቀውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊያቀርብልን ተስማማ። ወረታ ላይ ሩዝ የሚያስፈለፍል የእድራችን አባል ደግሞ ሁለት ኩንታል የፎገራ ሩዝ በነፃ እሰጣለሁ ብሏል። ከእሱ ጋር ሙስሊም አባላቱ ሌላ ነገር አቀረቡ፦ "እናንተ መዝሙራችሁን ዘምሩ፤ በሩንና ሚዛኑን እኛ እንይዛለን።" ከዚህ የተሻለ አደላደል ማን ያመጣል? መዘምራኑ ሁሉ ውስጥ ናቸውና በር ላይ የሚቆም ሰው አልነበረንም።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

በአዳራሹ የድምፅ ሙከራ አደረግን። የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ። ሰው ሲናገር ድምፁ ተመልሶ ይመጣበታል። ከእድሩ ድንኳን ሸራውን አውጥተን በኋላው ግድግዳ ላይ ስንሰቅል ብዙው ጋብ አለ።

አስቸጋሪው በገናው ነበር። አሥሩ አውታሮች በሚደግፋቸው ብርኩማ ላይ ሲያልፉ ከሥራቸው ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች አሉ፣ እንዚራ ይባላሉ። ያ የሚነዝረው፣ ሰውን ዝም የሚያሰኘው ድምፅ የሚወጣው ከእነሱ ነው። የድምፅ ባለሙያው ልጅ ጩኸት መስሎት በመሣሪያው ሊያጠፋው ሲሞክር መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ልጄ፣ እሱን ካጠፋህማ ክራር አደረግኸው።" ማይክሮፎኑን ከገበቴው፣ ከበገናው የድምፅ ሣጥን፣ ትንሽ ራቅ አድርገን፣ ድምፁንም ዝቅ አድርገን ስንሞክር ተስተካከለ። ከበሮ ከተመታ በኋላ የበገና ድምፅ ጆሮ ስለማይገባ የመጀመሪያው ተራ የእሱ እንዲሆን ተወሰነ፤ አውታሩን መቃኘት ጊዜ ስለሚወስድም ሰው ሳይገባ ቀደም ብሎ ይቃኛል።

ጄኔሬተር ተውሰናል። ከአዳራሹ ጀርባ ሲነሳ በገናውን ፈጽሞ ዋጠው። ረጅም ገመድ ተፈልጎ ከአጥሩ ጥግ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሄደ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሞላ። ወንበር አልበቃ ብሎ የሦስቱም እድሮች አግዳሚዎች መጡ፣ ከዚያም በላይ የቆመ ነበር።

በር ላይ ያየሁትን ልጻፍ፤ መድረኩን ብዙ አላየሁትምና። በሠርግ ቤት የምናውቀው አንድ አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ በጾም አዝማሪ ምን ሊያደርግ ነው ብለው ሲያጉረመርሙ፣ "ዛሬ ምርቃት እንጂ ዘፈን የለኝም" አለና ከሚዛኑ አጠገብ ተቀመጠ። አንዲት እናት አንድ ቁና ባቄላ አምጥተው፣ ትንሽ ነው ብለው ሲሸማቀቁ ወዲያው ተቀበላቸው፦

ያመጣችሁት እህል ቢያንስም በቁና፣
ነሐሴ ይቆጥረዋል ገና ሲያልፍ ገና።

የእኛን የኮሚቴ ክርክር የት እንደሰማው እንጃ። ከዚያ በኋላ ሰው ተራውን ጠብቆ በአዝማሪው ፊት ማለፍ ጀመረ፤ አንድ ጊዜ የሰጡ ሱቅ ሄደው ሌላ ጨው ይዘው የተመለሱ አሉ።

በግቢው ውስጥ ልጆቹ የገና ጨዋታ አዘጋጅተው ነበር። የሁለት ሰፈር ቡድኖች፣ ለአንድ ተጫዋች አንድ ሳሙና መግቢያ። ሩሯ አንድ ጊዜ የዘይት ካርቶኖቹ መሐል ገባች፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የእድሩን ሊቀመንበር ቁርጭምጭሚት አገኘች። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎ ታለፈ፤ ሊቀመንበሩ ግን እስኪጨርሱ ድረስ ከወንበሩ አልተነሣም።

ውስጥ ጭብጨባ አልነበረም፣ እልልታ ግን ነበር። መምህሩም ቅር አላሉም።

ማታ ስንቆጥር፦ ዘይቱ አንድ ትልቅ መደርደሪያ ሞላ፤ ጨውና ሳሙና ከሚያስፈልገን በላይ ነው፤ ጥራጥሬው ሁሉም ተደማምሮ ስድስት ኩንታል ግድም ይሆናል። ገንዘቡ ገና በሁለት ሰው እየተቆጠረ ነው።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ጥራጥሬ ስንለይ ዋልን። የዚህ ማስታወሻ ዋና ገጽ ይኼ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ መጋዘን የሚያቋቁም ሁሉ ሊያውቀው ይገባልና።

ከመጣው ውስጥ አንድ ሙሉ ጆንያ ጓያ ተገኘ፤ ባቄላ ተብሎ በመጣው ውስጥም ተቀላቅሎ የገባ አለ። ጓያ ያልተከካ ከሆነ በቀላሉ ይለያል፦ እንደ አተር ክብ ሳይሆን ጠርዝ ያለው፣ ማዕዘናም ነው። ከተከካ ግን ከአተር ክክ ለመለየት ዓይን ይጠይቃል፤ ሽሮ ከሆነ በኋላ ደግሞ ማንም አይለየውም። ሽሮ ዱቄት አንቀበልም ያልኩትም ስለዚህ ነው።

ጓያ መርዝ ነው ብሎ መጣልም ልክ አይሆንም። በደምቢያና በፎገራ ጥቁር አፈር ላይ ውኃው ሸሽቶ ሲያልቅ ተዘርቶ በቀረው እርጥበት ብቻ የሚደርስ፣ ድርቅን የሚችል እህል ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይገኛል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሌላ በሌለበት ጊዜ ጓያን ብቻ፣ ቀን በቀን፣ ለወራት የበላ ሰው እግሩ ይተሳሰራል፤ ሽባነቱም አይመለስም። በእኛ አካባቢ እንፋሎቱ ነው የሚይዘው ይባላል፤ ሰውን የሚጎዳው ግን በፍሬው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ሲበላ ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል፣ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ከጤፍና ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ የሚበላ ቤት አይጎዳም።

እንግዲህ የምግብ ባንክ ለማን ነው የሚሰጠው? ሌላ እህል ለሌለው ቤት። ለእኔ ቤት ጉዳት የሌለው ሽሮ ለእነሱ ቤት አደጋ የሚሆነው በዚህ ነው። ጆንያውን ያመጡት ሽማግሌ በልባቸው ቅንነት እንዳመጡት አውቃለሁ፤ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው፣ አልተቀየሙም። ነጋዴ ዘንድ በባቄላ ተለወጠ፤ ጓያ መሆኑም ተነግሮት ነው የወሰደው። የተቀላቀለውን ሴቶቹ በሰፌድ እያበጠሩ ሁለት ቀን ለቀሙት።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ደረቁ ጤፍ ገባ፣ አሥራ አራት ኩንታል። ሩዙም ከወረታ ደረሰ።

ማታ የፈራሁት ክርክር መጣ። ሊቀመንበሩና ወጣቶቹ ሁሉም ለገና ይታደል አሉ፤ ሰው ለገና ብሎ ነው የሰጠው፣ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ቢቀር ሐሜት ያመጣል። እኔ ግማሹ ለክረምት ይቆይ አልኩ። ጤፍ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ፣ ከወለል ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ከተቀመጠ ነሐሴ ድረስ ያለ ምንም መድኃኒት ይቆያል። ባቄላና አተሩ ነው የሚያሳስበው፤ እሱን አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት እናሽገዋለን። የነቀዝ እንክብል እንጠቀም ያለ ነበር፤ ከመጋዘኑ ግድግዳ ወዲያ ሰው ይተኛል፣ ከእንክብሉ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ይገድላል። ይህ ለድምፅ እንኳ አልቀረበም።

ነገሩን የቆረጡት ሴቶቹ ናቸው። አንዲት አባል ተነሥተው፣ "ገናን ጎረቤት ያበላል። የማንም ቤት ቢሆን ለገና ድርሻ አይጠፋም። በነሐሴ ዝናብ ግን በር የሚያንኳኳ የለም" አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ አልነበረም። ሲሶው ለገና፣ ሁለት እጁ ለክረምት ሆነ፤ እኔ ከጠየቅሁት በላይ ነው።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ተፈጨ። ባለ ወፍጮው ሌሊት ሰልፍ ሳይኖር ፈጨልን፣ የመብራቱን ብቻ አስከፈለ። ሁለት እጅ ጤፍ ከአንድ እጅ ሩዝ ጋር አደረግን፤ እዚህ ሐይቁ ዳር ብዙ ቤት እንዲሁ ነው የሚጋግረው፣ እንጀራውም ነጣ ይላል። ሽሮው ከባቄላና ከአተር ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

እደላው ትናንት ማታና ዛሬ ተጠናቀቀ። ሰልፍ አልነበረም። ዝርዝሩን እያንዳንዱ እድር ለብቻው አቀረበ፤ ባለባጃጆች ከመሸ በኋላ ፋሲሎ፣ ሽምብጥና ዓባይ ማዶ ድረስ በየቤቱ አደረሱ። ለአንድ ቤት አሥር ኪሎ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና።

ፎቶግራፍ ይነሣ የሚል ጥያቄ ከሁለት ሰጪዎች መጥቶ ነበር። ተቀባይ ቤት ደጃፍ ላይ አይሆንም አልን። የተቆለለውን ጆንያ እንደ ፈለጉ አነሡት፣ ከጎኑም ቆሙ።

ዶሮ እናድል የሚልም ነበር፤ መጋዘኑ ነፍስ ያለው ነገር አያስተዳድርም። ይልቅ በሰፈሩ ቅርጫ የሚገቡ ማኅበሮች ከየበሬው አንድ አንድ መደብ ለይተው ራሳቸው ለጎረቤታቸው ይሰጣሉ።

ጥር 4፣ ሰኞ

ከበዓል በኋላ መጋዘኑን አሸግን። ሦስት ቁልፍ ተበጅቶለታል፣ ለእያንዳንዱ እድር አንድ፤ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ለአራስና ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ጤፍና ሽሮ ከበሩ አጠገብ በሌላ ሣጥን ተለይቷል፣ የእሱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። የቀረው ሐምሌ 1 ይከፈታል።

ጆንያዎቹን ስንደረድር በሰሜኑ ጥግ ግድግዳው ላይ የአምናው ዝናብ የወረደበት መስመር ታየ። ለክረምት ብለን ያስቀመጥነውን ክረምቱ ራሱ ሊያበላሽብን ነበር። ከእህል ግዢው የተረፈው ገንዘብ ለዚህ ዋለ፤ ሁለት ቆርቆሮና ምስማር ተገዝቷል፣ አናጢው ቅዳሜ ይመጣል።